ጎጃሜው ጎጃሜ አይደለም

እህ ብላችሁ ስሙኝማ፤ ዛሬ የማወጋችሁ ሰውን ስለሚያስቁ ሰዎች ነው። የማወራው እንደ ሥራ ፈት ሳይሆን እንደ ባለሙያ ነው። ሉማሜ ላይ፣ አዲስ አበባን ከደብረ ማርቆስ በሚያገናኘው አስፋልት ዳር፣ ለዓመታት ቪዲዮ ቤት ነበረኝ። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መቀመጫው የእንጨት አግዳሚ፣ መጋረጃው ከጆንያ የተሰፋ። ሕንዱም ይታያል፣ ካራቴውም ይታያል፤ የገበያ ቀን ግን ሰው የሚጋፋው ለኮሜዲ ነበር። እኔ ከዴኩ አጠገብ ፊቴን ወደ ሰዉ መልሼ እቀመጣለሁ። ቀልዱን ቀድሜ ስለሰማሁት የማየው ሰዉን ነው፤ ማን በምኑ ላይ እንደሳቀ፣ ማን ሳይስቅ ጎረቤቱን እንዳየ፣ ማን ተነሥቶ እንደወጣ። ስለዚህ "ከኮሜዲያኖቹ ማን ይበልጣል?" የሚል ክርክር በተነሣ ቁጥር ዳኛ ተብየ የምጠራው እኔ ነኝ።

ፍርዴን ከመስማታችሁ በፊት አገሩን እወቁት። ሉማሜ የአዋበል ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ስትመጡ ጎሃ ጽዮን ላይ ወደ ዓባይ ትወርዳላችሁ፣ ድልድዩን ተሻግራችሁ ወደ ደጀን ትወጣላችሁ፣ ከዚያ የጤፉን ሜዳ ይዛችሁ ደብረ ማርቆስ ሳትደርሱ እኛን ታገኙናላችሁ። አላፊ መኪና ስለማይጠፋን አዲስ ካሴትም አዲስ ወሬም ቶሎ ይደርሰን ነበር። ሰዉን ማሳቅ ግን ቀላል አይደለም። የቅኔ አገር ነዋ! ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ኤልያስ የሚባሉት ጉባኤዎች እዚሁ ጎጃም ውስጥ ናቸው። የቅኔ ተማሪ ቀን ሲያወጣ ሲያወርድ የዋለውን ማታ የኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል። ሰሙ ከወርቁ ካልገጠመ ይመለስበታል፤ ከገጠመ "ይበል!" ይባልለታል። የሌላ ሰው ቅኔ የራሴ ነው ብሎ የመጣማ ጉድ ፈላበት። ትናንት የተባለውም ዛሬ አይደገምም፤ የዛሬው በዓል የዛሬ ቅኔ ይፈልጋል።

እንዲህ ባለ አገር ያደገ ሰው፣ እሱ ቅኔ ቤት ባይገባ እንኳ አባቱ ወይ አጎቱ ገብቷል። ታዲያ ኮሜዲያን ፊት ሲቀመጥ አቀማመጡ የተመልካች ሳይሆን የየኔታ ነው። ልጁ "አንድ ሰካራም ማታ ቤቱ ሲገባ…" ብሎ ሲጀምር፣ አግዳሚው ላይ ካሉት አንዱ መጨረሻውን ጮክ ብሎ ይናገርለታል። ያ ቀልድ እዚያው ሞተ።

ከደንበኞቼ ሁሉ የማልረሳቸው አንድ መሪጌታ ነበሩ። ከውስጥ ገብተው አይቀመጡም፤ "እኔ ቪዲዮ ቤት ተቀምጨ ብታይ ምን እባላለሁ?" ይሉና በሩ ላይ በመቋሚያቸው ተደግፈው፣ መጋረጃውን በሌባ ጣታቸው ገለጥ አድርገው ይሰማሉ። ኮሜዲያኖችን በስማቸው ጠርተው አያውቁም፤ በቅኔ ስም ነው የሚያውቋቸው። በሁለት ዓረፍተ ነገር ጀምሮ የሚጨርሰውን "ይኸ ጉባኤ ቃና ነው" ይላሉ፤ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ናትና። ነገሩን አስረዝሞ፣ እየጠመዘዘ ወስዶ፣ በመጨረሻዋ ቤት ላይ የሚፈታውን "መወድስ ነው" ይላሉ። ጀምሮ መድረሻ የጠፋበትን ደግሞ "ተፋለሰበት" ብለው መጋረጃውን ይለቁታል። መጋረጃው ከወደቀ እሳቸው ሂደዋል ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር ከማንኛውም ጋዜጣ ትችት ይልቅ የዚያን መጋረጃ መውደቅ እፈራ ነበር።

አያቶቻችንን ሳላነሣ ወደ ዘመኑ ልጆች ብሻገር ነውር ነው። የሁሉም አያት አለቃ ገብረ ሐና ናቸው። በጎንደርና በደብረ ታቦር ያስተማሩ የ19ኛው መቶ ዘመን ሊቅ ናቸው። የጣና ዳር ሸምበቆ በማዕበሉ ሲወዛወዝ አይተው አዲስ ዝማሜ እንዳወጡ፣ እሱንም ለልጃቸው ለተክሌ እንዳስተማሩት ይነገራል፤ ዛሬ የተክሌ ዝማሜ የምንለው እሱ ነው። አያችሁ፣ ሸምበቆ ሲወዛወዝ ሁላችንም አይተናል፤ እሳቸው ግን ልብ ብለው አዩት። ቀልዳቸውም እንዲሁ ነው። አንዲት ሴት አህዮቿን እየነዳች ስትመጣ አለቃ ጎንበስ ብለው "እንደምን አደራችሁ?" አሏት ይባላል። "እግዚአብሔር ይመስገን፤ እርስዎስ?" ብላ አለፈች። ነገሩ የገባት አንድ ኮረብታ ከወጣች በኋላ ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ምርጫዬ ይኸው፤ ዘግይቶ የሚመጣ ሳቅ። ቶሎ የሚያስቅ ኮሜዲያን አልጠላም። ግን ማታ እራት ስበላ፣ ወይ ሌሊት ስገላበጥ ትዝ ብሎኝ ብቻየን የሚያስቀኝን አስበልጣለሁ። ከአለቃ ቀልዶች ስንቱ የእሳቸው እንደሆነ ደግሞ እግዜር ይወቅ፤ ባለቤት ያጣ ቀልድ ሁሉ ለአለቃ ይሰጣል። ይህም ቢሆን ክብር ነው፤ ሕዝብ የራሱን ጨዋታ ወስዶ የሚያስቀምጥበት ስም ማግኘት ለማን ይሆንለታል?

ሌሎቹ አያቶች አዝማሪና ላሊበላ ናቸው። አዝማሪ ፊት የተቀመጠ ሰው "ተቀበል!" ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪውም ተቀብሎ በማሲንቆ ይመልስለታል፤ ስድብም ቢሆን፣ በራሱ ላይም ቢሆን። ከተመልካች የተወረወረበትን ይዞ ሳቅ አድርጎ የሚመልስ ኮሜዲያን ካያችሁ አያቱ አዝማሪ ነው። ላሊበሎች ደግሞ ጎህ ሳይቀድ ደጅ ላይ ቆመው የቤቱን ባለቤት በስሙ እየጠሩ ያዜማሉ። እንቅልፍህን ትተህ "ስሜን ማን ነገራቸው?" ትላለህ። ጎረቤትህ ነዋ! ማታውኑ ጠይቀዋል፤ ስምህን፣ የልጅህን ስም፣ ሥራህን፣ ምናልባትም ንፍገትህን። ሰጥተህ ካልሸኘሃቸው የምትሰማው አይቀርልህም። እኔ ይህን የማነሣው ለአንድ ነገር ነው፤ ላሊበላ አፉን ከመክፈቱ በፊት ጆሮውን ሲያሠራ አምሽቷል። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

አሁን ወደ ካሴት ዘመን እንምጣ። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ ሉማሜ ውስጥ ቴፕ ያለው ሻይ ቤት ሁሉ ከዘፈኑ መሐል የቀልድ ካሴት ያስገባ ነበር። አለባቸው ተካና ልመነህ ታደሰ ሲመጡ ብርጭቆ ማጋጨት ይቆማል። ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩም ነበሩ። ሰፈሩ ለሁለት ይከፈላል፤ ይኸኛው የእነ አለባቸው ወገን፣ ያኛው የእነ ደረጀ ወገን። እኔ እስከ ዛሬ ጥንድ ቀልድ እወዳለሁ፤ ምክንያቴንም ልንገራችሁ። በጥንድ ቀልድ አንዱ ሲናገር ሌላው መስማት አለበት። አሳቂው እሱ ቢመስልህም ሳቁን ጠብቆ የሚያቀብለው ሰሚው ነው። ሰሚው አንዲት ትንፋሽ ቀድሞ ከገባ ቀልዱ ይበላሻል፤ አንዲት ትንፋሽ ከዘገየም ይቀዘቅዛል። ካሴት ላይ ፊት አይታይም፤ ያችን ትንፋሽ ግን ጆሮህ ይሰማታል። ኮሜዲያኑ ባልንጀራውን በእውነት እየሰማው ይሁን ወይ የራሱን ተራ ብቻ እየጠበቀ፣ እሱም ይሰማል።

ተስፋዬ ካሳ ግን ብቻውን መጣ። ያለ ባልንጀራ፣ ያለ ማሲንቆ፣ ማይክ ብቻ ይዞ። ለእኛ ይህ አዲስ ነገር ነበር። አንድ ሰው ብቻውን ቆሞ አዳራሽ ሙሉ ሰው ይዞ መቆየት እንደሚችል ያየሁት ከእሱ ነው። መሪጌታ ከሰሟቸው ሁሉ መጋረጃውን ሳይለቁ እስከ መጨረሻው የቆሙለት ለእሱ ነበር። "ይኸ ልጅ ሰዉ ሲስቅ ይጠብቃል፤ አይሽቀዳደምም" አሉኝ። ዛሬ ተስፋዬም በሕይወት የለም። አለባቸውም "አለቤ ሾው" የተባለውን የቴሌቪዥን ዝግጅቱን ይዞ አገር ሁሉ በሚወደው ጊዜ በመኪና አደጋ ሞተ። ሉማሜ ሻይ ቤት ውስጥ ያን ቀን ካሴቱን የከፈተ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ቪሲዲ መጣ፤ የእኔም ቤት የሞላው ያን ጊዜ ነው። ክበበው ገዳ፣ ፍልፍሉ፣ ዶክሌ እያልን እንቀጥላለን። በዚህ ላይ የጎረምሶቹን ጠብ ብነግራችሁ አናበቃም፤ አንዱ የፍልፍሉን አፍ ይመርጣል፣ አንዱ የክበበውን ወግ ይመርጣል። እኔ ወግ ወዳድ ነኝ። ከቀልድ ወደ ቀልድ የሚዘል ሰው ድካም ይለቅብኛል፤ አንዲት ነገር ይዞ፣ እሷን አገላብጦ አሳይቶኝ የሚወርደው ይሻለኛል።

ደግሞ አንድ የማይናገር ሰው መጣብን። ሚስተር ቢን! እንግሊዛዊው ሮዋን አትኪንሰን ያን ገጸ ባሕርይ ይዞ በቴሌቪዥን የሠራቸው ክፍሎች 15 ብቻ ናቸው፤ እኛ ግን መቶ ጊዜ ያየናቸው ይመስለኛል። የገበያ ቀን ከጮቄ ተራራ ሥር የመጡ፣ አማርኛ ቪሲዲ ላይ የከተማ ቋንቋ የሚቸግራቸው ሽማግሌዎች፣ ሚስተር ቢን ሲመጣ ጋቢያቸውን አፋቸው ውስጥ ከተው ይስቃሉ። እረኞቹ አግዳሚ ላይ ይቆማሉ። ቻርሊ ቻፕሊንን ያሳየኋቸው ቀንማ መሪጌታ ከበሩ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገቡ። "ቃል የለውም፤ ወርቅ ግን አለው" አሉ። ወርቅ የሚባለው ነገር ከቃል ውጭም እንደሚገኝ የቅኔ ሰው ሲመሰክር የሰማሁት ያን ቀን ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። የአዲስ አበባ ኮሜዲ አንድ የማይቀር ሰው አለው፤ ጎጃሜው። አረንጓዴ ቁምጣ፣ ሽመል፣ ጋቢ፣ አንዳንዴም የሎተሪ ሰሌዳ። ሊፍት አያውቅም፣ መብራት እፍ ብሎ ሊያጠፋ ይሞክራል፣ ሆቴል ገብቶ ዋጋ ይከራከራል። የእኔን ቤት ደንበኞች እነዚህ ቀልዶች ያሳቁ ነበር ወይ? ያሳቁ ነበር። ግን የሳቁ ዓይነት ይለያል፤ እኔ ፊቱን አያለሁ አላልኋችሁም? በሌላው ቀልድ ሰው ወደ ቴሌቪዥኑ እያየ ይስቃል፤ በጎጃሜው ቀልድ ጊዜ እርስ በርሱ እየተያየ ይስቃል።

የነገሩን ፍቺ ያገኘሁት አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ነው። ጎሃ ጽዮንን አልፈን ቁልቁል መውረድ ስንጀምር ረዳቱ ቪሲዲ ከፈተ። የዓባይ ቁልቁለትና ዳገት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሰው በየጥምዝምዙ ሆዱ እንዳይረበሽ ቀልድ መክፈት የተለመደ ነው። ኮሜዲያኑ ጎጃሜ ሁኖ ወጣ። ሊፍት በር ላይ ደረሰ፤ ቤት መሰለውና ጫማውን አውልቆ ገባ፤ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ሲከፈት "ጫማየን ማን ወሰደው?" ብሎ ጮኸ። ታውቋታላችሁ፣ አሮጌ ቀልድ ናት። አውቶቡሱ ሙሉ ሳቀ፤ የተሳፈረው ደግሞ አብዛኛው የደጀን፣ የሉማሜ፣ የማርቆስ ሰው ነው። ከእኔ ፊት አንድ አባት ተቀምጠዋል፤ እሳቸውም ሳቁ። ሲጨርሱ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠርገው እንዲህ አሉ፦

"ቀልዱስ ደግ ነበር። ጎጃሜው ግን ጎጃሜ አይደለም።"

"እንዴት አባባ?" አለ ረዳቱ።

"ሲነሣ ወሎ ነበር። መሐል ላይ መንዝ ገባ። ሲጨርስ የት እንደወረደ እንጃ። እንደ እኛው ተሳፍሮ የሚዞር ነው እንጅ አገር ያለው ሰው አይደለም።"

ረዳቱ ሳቀና "ታዲያ ሙድ ሲይዝባችሁ አልተቆጡም?" አላቸው።

"ምን ያስቆጣኛል ልጀ? ልጁ እኛን መች አየን? ያላየኝ ሰው ቢሰድበኝ ስድቡ የማን ነው?"

እኔ እዚያ ወንበር ላይ ሁኘ ስንት ዓመት ስፈልገው የኖርሁትን ነገር ሰማሁ። ሰዎቼ እርስ በርስ የሚተያዩት ስለተሰደቡ አልነበረም። "ይኸ የማን አገር ሰው ነው?" እየተባባሉ ነበር። ባላገር የተሰደበ ጊዜ ይቀየማል ብሎ የሚፈራው የከተማ ሰው ባላገሩን አያውቀውም። ጎጃሜ ተረብ ይወዳል፤ ራሱም ተራቢ ነው። የማይወደው ስንፍናን ነው። ሁለት ቃል ከዚህ፣ ሦስት ቃል ከዚያ ለቃቅሞ፣ ድምፁን በአፍንጫው አውጥቶ "ጎጃሜ ነኝ" የሚል ኮሜዲያን አላፌዘብንም፤ አልሰማንም። ሳይሰማን ቀርቶ ጆሮው የሰነፈው እሱ ነው።

ይህ ሰበብ አይደለም፤ የተሻለ አይተናልና ነው። የሐዲስ ዓለማየሁን "ፍቅር እስከ መቃብር" ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ሲተርከው የሰማ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ያውቃል። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. የወጣ ነው፤ ጸሐፊው የደብረ ማርቆስ አካባቢ ተወላጅ፣ ታሪኩም የጎጃም ነው። ወጋየሁ በአንድ ጉሮሮ ፊታውራሪ መሸሻን ያኮራል፣ ጉዱ ካሣን ያስቃል፣ ሰብለ ወንጌልን ያስለቅሳል። እኛ ራዲዮ ከበን ስንሰማ "ይኸ ሰው የማን ልጅ ነው?" ያለ የለም፤ ሁሉም የየራሱን ፊታውራሪ አግኝቶበታልና። ጉዱ ካሣን አስቡት እስቲ። ሰው ሁሉ እንደ እብድ የሚያየው፣ ጌቶቹን በአደባባይ የሚዘልፍ፣ ግን ከሁሉ ይልቅ ነገሩን የሚያይ ሰው ነው። በእኔ ሚዛን ከጎጃም ምድር የወጣው ትልቁ ኮሜዲያን እሱ ነው፤ የመጽሐፍ ሰው መሆኑ ብቻ ነው ችግሩ።

አንድ ወጣት አስተማሪ ደግሞ ትሬቨር ኖዋ የሚባለውን ደቡብ አፍሪካዊ በላፕቶፕ አሳየኝ። እናቱ ኮሳ፣ አባቱ የስዊስ ሰው፤ ያደገው በብዙ ቋንቋ መሐል ነው። አነጋገር ሲቀዳ እንግሊዝኛው ሙሉ በሙሉ ሳይገባኝ እንኳ ሰዎቹ እንደተለያዩ ይሰማኛል፤ የአንዱ ትንፋሽ አጭር፣ የሌላው ቃል ጎታታ። ቋንቋ እየለመነ ያደገ ልጅ ጆሮ እንዲህ ነው አልሁ።

"ታዲያ የእኛዎቹ ለምን ጎጃሜውን፣ ሰካራሙንና ሚስትዮዋን ብቻ ያነሣሉ?" ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ መልሱን ከሩቅ እጀምረዋለሁ። የአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት ኮሜዲ ነበር፤ የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም "ፋቡላ"። በ1913 ዓ.ም. ገደማ ነው። አውሬዎችን እያናገረ የጊዜውን ባለሥልጣን ነካ። ሹማምንቱ አውሬዎቹን አወቋቸው መሰለኝ፣ ነገሩ አልጣማቸውም፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተውኔት ታገደ። እንግዲህ አስቡት፤ የመጀመሪያው ቀልድ በመጀመሪያው ምሽት ተቀጣ። ከዚያ ወዲህም ሳንሱር በየጊዜው ነበረ። ወደ ላይ ያነጣጠረ ቀልድ ከባድ ዋጋ ካለው፣ ኮሜዲያን እንጀራ ይፈልጋልና ወደ ጎንና ወደ ታች ያነጣጥራል። ባላገሩ ክስ አይመሠርት፣ ሰካራሙ ነገ አያስታውስ፣ ሚስትዮዋ ማይክ የላት። ስለዚህ ኮሜዲያኑን ብቻ አልወቅስም። ግን ደግሞ አለቃ ገብረ ሐናም ቤተ መንግሥት ደጅ ነበሩ፤ ወርቁን በሰም ሸፍኖ መናገር የሚባል መንገድ ደግሞ ከዚህ አገር የተገኘ ነው። መንገዱ አለ፤ የሚሄድበት ይጠፋል እንጅ።

ስልክ መጣና ቪዲዮ ቤቴን ዘጋው። አልቆጣበትም፤ ጊዜው ነው። አሁን ሰው እሸቱ መለሰን "ዶንኪ ቲዩብ" ላይ ያያል፣ ሰይፉ ፋንታሁንን ኢቢኤስ ላይ ያያል። እሸቱን እወደዋለሁ። ከመድረክ ወርዶ ተራውን ሰው ፊቱ አስቀምጦ ያጫውታል፤ ጥሩ ጆሮ አለው። ለተቸገሩ ሰዎች በቀጥታ ስርጭት ገንዘብ ሲያሰባስብ እዚህ ሉማሜም ከኪሱ ያወጣ ሰው ነበር። አለባቸውም በጊዜው የተቸገረውን ሰው ወደ ቴሌቪዥን አምጥቶ ነበር። አሁን የምናገረውን ሰው አይወድልኝም፤ ግን ዳኛ አድርጋችሁኛልና እናገራለሁ። የእኛ አገር ኮሜዲያን ሲበስል ስለ ሌላው ይለምናል፤ ይህ ጽድቅ ነው። ሲለምን ግን መቀለድ ይተዋል፤ ይህ ለእኛ ኪሳራ ነው። የሚያስለቅሰን ሰው መች አጣን? ላሊበሎቹ እኮ ሁለቱንም በአንድ ጎህ ይሠሩት ነበር፤ እያሳቁ ይለምናሉ፣ እየለመኑ ይሸነቁጣሉ።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት ግን ነገር ተበላሸ። በአማራ ክልል ጦርነት መጣ፣ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘጋ። ጎረምሶቹ መጀመሪያ ሚሞሪ ካርድ እየተቀያየሩ ያለፈውን ዓመት ቀልድ ደጋገሙት፤ ሲሰለቻቸው ስልኩን ኪሳቸው ከተው እርስ በርስ መተያየት ጀመሩ። ማታ መንገዱ ቶሎ ጭር ስለሚል ሰው በየቤቱ፣ በየጓሮው ይሰበሰባል። ቡና ይፈላል። እና ወሬው ሁሉ ልብ የሚያደማ ሁኖ ሲበዛ፣ አንዷ እናት "ኧረ እባካችሁ የሚያስቅ የሚያውቅ የለም?" አለች።

ለካ አለ። አዲስ አበባ ዓመታት ሎተሪ ሲያዞር ኖሮ የተመለሰ ልጅ ነው። ዝምተኛ ነበር፤ እኔ እንኳ በቪዲዮ ቤቱ ዘመን ከሩቅ ነው የማውቀው። የበቆሎ ቆረቆንዳ አነሣና እንደ ማይክ ያዘ። መጀመሪያ የታክሲ ረዳት ሆነ፤ መገናኛን በአንድ ትንፋሽ ሰባት ጊዜ ጠራው። ቀጥሎ ሎተሪ የምትገዛ ሴትዮ ሆነ፤ ቁጥሩን እየመረጠች፣ ልጁን ሳታየው፣ በስልክ ከእህቷ ጋር የኮንዶሚኒየም ዕጣ እያወራች፣ መጨረሻ ላይ "ዝርዝር የለኝም" ብላ የምትሄድ። ቀጥሎ አስፋልት ዳር ቆሞ ሎተሪውን እየፋቀ ሚስቱን በልቡ የሚፈታ፣ ሳይደርሰው ሲቀር ተመልሶ የሚያገባት ሰውዬ። ስንቱን በር አንኳክቶ፣ ስንቱ ሰው ሳያየው ፊቱ ላይ ተናግሮ ኖሯል! የማይታይ ሰው ደግሞ ሁሉን ይሰማል።

መሪጌታ ጥግ ላይ ነበሩ፤ እርጅናው ስለበረታ አሁን መቆም አይችሉም፣ ተቀምጠዋል። ልጁ ወደ መጨረሻው "አሁን ደግሞ ጎጃሜውን" አለ። ሁላችንም ተያየን፤ እዚያ ቤት ውስጥ ጎጃሜ ያልሆነ የለምና። ጋቢውን በአንድ ትከሻው ጣል አደረገ፣ አንገቱን ሰበር አደረገ፣ ድምፁን በአፍንጫው አወጣ፣ ወሎን ጀመረ፣ መንዝ ገባ፣ አፉን አጣመመ። ጎጃሜውን አልነበረም የሚያሳየን፤ ጎጃሜውን የሚያሳየውን የከተማ ኮሜዲያን ነበር። በየቀልዱ መሐል ጸጉሩን እየነካካ፣ ጃኬቱን እያስተካከለ፣ ያልመጣ ሳቅ እየጠበቀ። ያን የውሸት ጎጃሜ እንዲህ እውነት ሁኖ አይተነው አናውቅም! ቡና የምታፈላው ልጅ ረከቦቱን ይዛ ተንከተከተች። መሪጌታ መቋሚያቸውን መሬት ላይ ደቁሰው "ይበል! ይበል!" አሉ፤ ለቀልድ ይህን ቃል ሲያወጡ ሰምቼ አላውቅም።

እንግዲህ የተጠየቅሁትን ፍርድ እሰጣለሁ። ከጥንዶቹ አለባቸውና ልመነህ፣ ከብቸኞቹ ተስፋዬ ካሳ፣ ከድምፅ ወጋየሁ ንጋቱ፣ ከማይናገሩት ቻፕሊን። ከዛሬዎቹ መሐል ደግሞ ያ ሎተሪ አዟሪ። "እሱ ኮሜዲያን አይደለም" የሚለኝ ካለ ይምጣና ቆረቆንዳውን ይቀበለው።

ሰዉ ሲበተን ጠጋ ብየ "አንተ ልጅ፣ ይህን ይዘህ ለምን አዲስ አበባ ሂደህ መድረክ ላይ አትወጣም?" አልሁት።

"ሂጀ ነበር እኮ ጋሼ" አለኝ። "ለአንድ ኮሜዲ ጎጃሜ ሁኖ የሚሠራ ሰው ፈልገው ተፈተንሁ።"

"ታዲያስ?"

"'ጎበዝ ነህ፤ አነጋገርህ ግን ጎጃሜ አይመስልም' አሉኝ።"

"እንዴ! ታዲያ ማንን ወሰዱ?"

"አንድ የቃሊቲ ልጅ። ቅድም ያሳየኋችሁ እሱን ነው።"